የቢላዋ እጀታ እንዳይነቃነቅ የደከሙት አቶ ሙሐመድአወል ሀይደር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ በሀርጌሳ የአሕመድ ዳጋህ ሰፈር ጎረቤቶች፣ ከሥጋ ገበያውም ከዳሚ ሰፈርም ሥራችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ አላህ እግራችሁን ይባርክ፣ አጅራችሁንም ይክፈላችሁ። አሁን በፊታችሁ የሚነበበውን የአቶ ሙሐመድአወል ሀይደርን ዜና ሕይወት ተናግረው ያጻፉት ባለቤታቸው ወ/ሮ ኢስታሂል ሺሬ ሲሆኑ፣ «መልአክ አታድርጉት፤ እንደነበረ አንብቡት» ብለው በጥብቅ ስላሳሰቡ፣ ሟች በዘመናቸው ሰውን ያማረሩበትም እርሳቸው የተማረሩበትም ሳይቀነስ ቀርቧል።

አቶ ሙሐመድአወል በ1957 ዓ.ም. በወሎ፣ ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ሀይደርና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰብሪያ ተወለዱ። አባታቸው እህል ነጋዴ ስለነበሩ ልጃቸው ንግዱን እንዲወርሱላቸው ይመኙ ነበር፤ ሕፃኑ ሙሐመድአወል ግን በሚዛን እህል ከመመዘን ይልቅ ሚዛኑን ፈትቶ ማየት ይቀናቸው ስለነበር፣ አንድ የገበያ ቀን ደንበኛው ተሰልፎ ሳለ «አንደኛው ወገን ያጋድላል» ብለው ሚዛኑን ብሎን በብሎን በትነውት ተገኙ። አባታቸውም እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው፣ «ይህ ልጅ ወይ ሠሪ ይወጣዋል ወይ አፍራሽ፤ መሀል የለውም» አሉ ይባላል። ሚዛኑ በእርግጥ ያጋድል እንደነበር እህታቸው ወ/ሮ ሀሲና እስከዛሬ ይመሰክራሉ፤ የዚያን ቀን ገበያ ግን ማንም አልመለሰውም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከሼኽ ዘንድ ቁርኣን ቀርተው፣ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኮምቦልቻ አጠናቀው፣ በደሴ ከተማ በብረታ ብረት ሙያ ሠለጠኑና በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጠሩ። እጃቸው ጥሩ እንደነበር አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ይናገራሉ፤ አብሯቸው መሥራት ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። አለቃቸው «ብሎኑ ከገባ ይበቃል» ሲሏቸው፣ እርሳቸው «በመዶሻ ተደብድቦ የገባ ብሎን ገባ አይባልም» እያሉ የተሠራውን እያፈረሱ፣ ሥራውም እየዘገየ፣ አለቃውም እየተቃጠሉ ከቆዩ በኋላ፣ ሁለቱም የሚያርፉበት መንገድ አቶ ሙሐመድአወል ሥራውን መልቀቃቸው ሆነ። ከዚያም በድሬዳዋ፣ ቀጥሎም በጅግጅጋ በየጋራዡ ሠሩ።

በ1993 ዓ.ም. በጅግጅጋ ሳሉ፣ ከስደት ወደ ሀገሩ የሚመለስ የአንድ ቤተሰብ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቢጠግኑለት፣ ባለመኪናው «መንገድ ላይ ዳግም ብሰበር ማን አለኝ» እያለ አባብሎ፣ በድንበሯ ከተማ በወጫሌ በኩል አሻግሮ ሀርጌሳ አደረሳቸው። ለሳምንት ብለው የመጡባት ከተማም የቀረ ዕድሜያቸውን በሙሉ ወሰደች። በአሕመድ ዳጋህ በአንድ ጋራዥ ተቀጥረው መሥራት ሲጀምሩ ሶማልኛ እጅግ አስቸግሯቸው ነበር፤ ከሰላምታ ቀጥለው የያዟት የመጀመሪያዋ ቃል «ቀሎዓን» የምትለው ስትሆን፣ ትርጉሟም «ጠማማ» ማለት ነው። በዚህች አንዲት ቃል ለወራት ሲሠሩ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ኖሩ።

ወደ ቀጥቃጮች ሰፈር ወደ ዳሚ የወሰዳቸው ከገበያ የገዙት ቢላዋ ነበር። ስለቱ ሲነኩት የሚያስፈራ፣ እጀታው ግን እንደ ወተት ጥርስ የሚነቃነቅ ሆኖ ቢያገኙት፣ ሠሪውን እየጠየቁ ሄደው አቶ ሺሬ ዘንድ ደረሱ። አቶ ሺሬ ከአባቶቻቸው የወረሱትን የብረት ሥራ በዳሚ የሚሠሩ፣ በጦርነት ምክንያት በተሰደዱበት ዘመን ከልጃቸው ከኢስታሂል ጋር ጅግጅጋ ኖረው አማርኛን እንደ ውሃ የሚጠጡ አባት ነበሩ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሚያወጡት ስለት በገበያው አቻ አልነበረውም፤ ጉድለታቸው ቀዳዳው ላይ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ለመግለጥ ያህል፣ የቢላዋ እጀታ በብረቱ ጅራት ግራና ቀኝ የሚለበዱ ሁለት የእንጨት ወይም የቀንድ ቁራጮች ሲሆኑ፣ ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚይዛቸው ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ የናስ ችንካር ነው። ቀዳዳው በሦስቱም ላይ በአንድ መስመር ካልተበሳ፣ ወይ ችንካሩ አይገባም፣ ወይ በመዶሻ ተገዶ ሲገባ እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ወይም ቀዳዳው ይሰፋና እጀታው ይላወሳል። አቶ ሺሬ ግን ብረቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ በእጅ በሚዞር መብሻ፣ በዓይናቸው ልክ ይበሱ ነበር።

አቶ ሙሐመድአወል ቢላዋውን ፊታቸው አስቀምጠው «ጠማማ ነው» ቢሏቸው፣ አቶ ሺሬ ቀና ሳይሉ «ይቆርጣል አይቆርጥም?» አሏቸው።

«ይቆርጣል።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«የያዘውንም ሰው ይቆርጣላ፣ አዴር!»

አቶ ሺሬ በሶማሌ ወግ አጎት ተብለው መጠራታቸው ደስ ብሏቸው ይሁን፣ ወይም ሰውየውን ለማባረር አስበው ባይታወቅም፣ «እንግዲያው መጥተህ አንተው ብሳው» አሏቸው። በማግስቱ መጡ። አቶ ሺሬም «ቀልድ አይገባውም ማለት ነው?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

ከዚያ ወዲያ የአቶ ሺሬ የብረት መሥሪያ ቦታ ሰላም አላየም። አቶ ሙሐመድአወል ብረት የሚበሳ አሮጌ ትራፓኖ ከጋራዡ ለምነው አመጡና፣ ጠረጴዛው ጠሟል ብለው አፈረሱት፤ እንደገና ገጥመው፣ አሁንም ጠሟል ብለው አፈረሱት። መብራት በጠፋ ቁጥር ይበሳጫሉ፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ከገበያ የገዟት ፑንታ የተባለችው የመብሻ ጫፍ በመጀመሪያው ብረት ላይ ትጎብጥና ይበሳጫሉ። ሥርዓታቸው ግን አይናወጥም ነበር፤ የብረቱን ጅራት ስለቱ በእሳትና በዘይት ከመጠንከሩ በፊት መብሳት፣ ፑንታዋ እንዳትንሸራተት አስቀድሞ ነጥብ መምታት፣ አንዱን የእንጨት ጎን ከብረቱ ጋር በማሰሪያ አጥብቆ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ እንጨቱን መብሳት፣ ሌላኛውንም ጎን እንዲሁ፣ ከሥሩም እንጨቱ እንዳይፈነጠር ጣውላ ማስደገፍ። በመጨረሻ የናሱን ችንካር በአውራ ጣታቸው ይገፉታል፤ በጣት ገፍተውት ካላለፈ መዶሻ አያነሡም፤ እጀታውን ያነሡና ወደ ማገዶው ይወረውሩታል። አቶ ሺሬም «ይህ ሰው ሻይ የሚያፈላልን በእኔ እጀታ ነው» እያሉ ያማርሩ ነበር።

በዚሁ መካከል በሥጋ ገበያው የግመል ሥጋ ይሸጡ ከነበሩት ከወ/ሮ ኢስታሂል ጋር ተዋውቀው ለትዳር ተፈላለጉ። ወሬው ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ቤተ ዘመዱ ተቆጣ፤ ወ/ሮ ሀሲናም «የቀጥቃጭ ልጅ ቤታችን አትገባም» የሚለውን የቤተሰብ ቃል ይዘው ድንበር አቋርጠው መጡ። አቶ ሙሐመድአወል ሲሰሙ ጥቁር ዘይት የጠጣ እጃቸውን ከእህታቸው ፊት ዘርግተው፣ «ሀሲና፣ ይሄ የምን እጅ ይመስልሻል? የጸሐፊ?» አሏቸው። ወ/ሮ ሀሲናም ሴቲቱን ላሳምን ብለው ገበያ ወረዱ፤ ወ/ሮ ኢስታሂል ግን ከመቀመጫቸው እንኳ ሳይነሡ፣ «እህቴ፣ ወንድምሽን ውሰጂልኝ፤ ትገላግዪኛለሽ! የመጣ ቀን ቢላዋዬን ላስተካክል ብሎ ወስዶ፣ ይኸው እስካሁን በሰው ቢላዋ ነው የምሠራው» አሏቸው። ወ/ሮ ሀሲና ሳቃቸው አመለጣቸው። በ1996 ዓ.ም. ኒካሑ ሲታሰር ከሙሽራዋ ጎን የተቀመጡት እርሳቸው ነበሩ።

በ2001 ዓ.ም. አቶ ሀይደር ወደ አኼራ ስለሄዱ፣ አቶ ሙሐመድአወል ለአባታቸው ለቅሶ ወደ ኮምቦልቻ ሄዱ። የአረፋ በዓል ተቃርቦ፣ ሥጋ ሻጩ ሁሉ ቢላዋ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። ሲነሡም አማታቸውን «እስክመለስ እጀታ አይግጠሙ» ብለው ለምነዋቸው ነበር፤ ነገር ግን ገበያው ሲያጣድፍ፣ አቶ ሺሬ ስለቶቹን ጅራታቸው ሳይበሳ አጠነከሯቸው። የጠነከረውን ብረት ለመብሳት ቢሞክሩ ፑንታዎቹ ተሰባበሩ፤ ስለዚህ ጅራቱን እንደገና አግለው በመውጊያ ወጉት፤ ቀዳዳው ሰፋ፣ ዘመመም፤ ክፍተቱን በማጣበቂያ ሞልተው ችንካሩን በመዶሻ አስገቡት። ከውጭ ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። ከእነዚያ ቢላዋዎች አንዱን ወ/ሮ ኢስታሂል ወደ ሥጋ መሸጫቸው ወሰዱ፤ የግመል መገጣጠሚያ ሲለያዩ እጀታው በእጃቸው ውስጥ ተሰነጠቀ፣ ስለቱም ዞሮ የቀኝ እጃቸውን የሁለት ጣቶች ጅማት ቆረጠ። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠፉም።

አቶ ሙሐመድአወል ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ያደረጉት የባለቤታቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዞ መቀመጥ ነበር። ቀጥለው የተሰነጠቀውን ቢላዋ ይዘው ወደ ዳሚ ሄዱ፤ እጀታውን ገሽልጠው፣ ቀዳዳውን ለአማታቸው እያሳዩ፣ «አዴር፣ ይህን ማን በሳው?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ሺሬ አንገታቸውን ደፍተው «ቀደር ነው፣ ልጄ። የተጻፈ ነው» አሉ።

«በቀደር አምናለሁ። ቀዳዳውን የበሳው ግን ቀደር አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።»

በዳሚ እንዲህ ያለ ቃል በአዛውንት ፊት ሲነገር የሰማ አልነበረም። አቶ ሺሬ መዶሻቸውን አስቀምጠው ከገዛ መሥሪያ ቦታቸው ወጥተው ሄዱ፤ አማትና አማችም አንድ ማዕድ እየበሉ ለወራት ሳይነጋገሩ ኖሩ። «ጨው አቀብለኝ በይው» እያሉ፣ ሁለቱም በወ/ሮ ኢስታሂል በኩል ሲነጋገሩ፣ ወ/ሮ ኢስታሂል የታመመ እጃቸው ሳያንስ አስተርጓሚ መሆኑ አንገፍግፏቸው ነበር።

አቶ ሙሐመድአወል በእነዚያ ወራት በየሥጋ መሸጫው እየዞሩ በዚያ ጥድፊያ የተሠራውን ቢላዋ ሁሉ ራሳቸው በገጠሙት እየለወጡ ይሰበስቡ ነበር። ሰው ግን አይሰጣቸውም፤ «ቢላዋዬ ደህና ነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ይላቸዋል። ከሁሉም ያስመረሯቸው ዛሬ እዚህ ተቀምጠው የሚያለቅሱላቸው ወ/ሮ ፊልሳን ነበሩ፤ እርሳቸውን ባዩ ቁጥር ቢላዋቸውን ከሥጋው ሥር ይደብቁ ነበር። አንድ ማለዳ አቶ ሙሐመድአወል ከወ/ሮ ፊልሳን ጋር እየተሟገቱ ሳለ፣ ከገበያው ማዶ አንድ ሽማግሌ ከረጢት አንጠልጥለው መጡና «ያን ቢላዋ ስጪኝ» አሏቸው። አቶ ሺሬ ነበሩ፤ ለካ እርሳቸውም ለማንም ሳይናገሩ ከወዲያኛው ጫፍ እየሰበሰቡ ኖሯል። ወ/ሮ ፊልሳንም «አንዱን ስሸሽ ሁለት ሆናችሁብኝ! እንኩ፣ ውሰዱት፣ አላህ ያስታርቃችሁ» ብለው ቢላዋውን ወረወሩላቸው። አቶ ሙሐመድአወል አንሥተው ከአማታቸው ከረጢት ውስጥ ጨመሩት፤ ከረጢቱንም ተቀብለው ተሸከሙ። እስከ ዳሚ ምን እንደተነጋገሩ አይታወቅም፤ ሲደርሱ ግን እየተጨቃጨቁ ስለነበር፣ ቤተሰቡ መታረቃቸውን በዚያ አወቀ።

ቀጥሎ ወ/ሮ ኢስታሂል ሁለቱንም አስቀምጠው፣ ሁለት ጣቱ በማይታጠፍ እጅ የሚያዝ ቢላዋ ሠርተው ወደ ገበያቸው እንዲመልሷቸው ጠየቁ። እጀታው ወፍራም፣ በአንድ ወገን የተቆለመመ መሆን ስለነበረበት፣ አቶ ሺሬ ቸኩለው እንጨቱን አስቀድመው ቀረጹት፤ ፑንታዋም ክብ በሆነው እንጨት ላይ እየተንሸራተተች አበላሸችው። አማችየው «ሳይቀረጽ ይበሳ ብዬ አልነበረም?» ይላሉ፤ አማትየው «ቅርጹን ሳላይ የቱ ጋ እንደሚበሳ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ስንት እንጨት እንደተቃጠለ አይጠየቅ። ወ/ሮ ኢስታሂል በበር ቆመው «እናንተ ስትጨቃጨቁ እኔ በቤት ውስጥ ላረጅ ነው እንዴ!» ብለው ጮኹባቸው። በመጨረሻ የአቶ ሺሬ ስለትና የአቶ ሙሐመድአወል ቀዳዳ በአንድ ቢላዋ ላይ ተገናኙ፤ ወ/ሮ ኢስታሂልም መሸጫቸውን ከፈቱ።

አላህም ሳጋል፣ ዋርሳንና ሙሰዓብ የተባሉ ልጆችን ሰጣቸው። ልጆቹ በአባታቸው ቤት በር ሲንቋቋ፣ ወንበር ሲወዛወዝ፣ ስዕል ዘምሞ ሲሰቀል በሰላም ተቀምጠው እንደማያውቁ ይናገራሉ፤ ሳጋል ጎረቤት ቤት ሄዳ ጠማማ መደርደሪያ ሥር ስታጠና አእምሮዋ ያርፍ እንደነበር አልደበቀችም። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤት ቦርሳቸው ማንጠልጠያ ሲበጠስ፣ ሥራቸውን አቁመው ተቀምጠው የሚሰፉላቸውም እኚሁ አባት ነበሩ። አቶ ሺሬ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ መሥሪያ ቦታውን ለአማቻቸው ተናዘዙ፤ «ከእኔ በኋላ የሚጨቃጨቀው ሰው ያጣል፣ አታስከፉት» ማለታቸውም ይታወሳል።

በ2013 ዓ.ም. የአቶ ሙሐመድአወል እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ ፈታሾች ቦርሳቸውን ቢከፍቱ ልብስ ሳይሆን የናስ ዘንግ ቁርጥራጭ ሞልቶ አገኙ፤ «በሆስፒታል ቁጭ ብዬ አሞርደዋለሁ» ብለው ሲከራከሩ አውሮፕላኑ ሊያመልጣቸው ነበር፤ በታክሲ ያደረሳቸው ዋርሳን ናሱን ተሸክሞ ተመለሰ። ሐኪሞች በሽታው የሚታገሡት እንጂ የሚድን እንዳልሆነ ነገሯቸው። ትዕግሥት ደግሞ አልነበራቸውም።

ነጥብ መምታት ሲያቅታቸው፣ ከሥጋ ገበያው መልስ ሥራውን የያዙት ወ/ሮ ኢስታሂል ነበሩ። ብረቱን በሞርሳ አስረው፣ በማይታጠፉት ጣቶቻቸው ደግፈው፣ በደህናዎቹ ትራፓኖውን እየጎተቱ ይበሳሉ፤ ባለቤታቸው ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ዘመመ፣ ቀና አድርጊው፣ አልቸኮልሽም?» ይላሉ። አንድ ቀን ወ/ሮ ኢስታሂል ፑንታዋን ፈትተው ጭናቸው ላይ ጣሉላቸውና «እንካ፣ አንተው ብሳው!» ብለው ወጥተው ሄዱ። እስከ አስር ሶላት ሰዓት ቆይተው ሲመለሱ፣ አቶ ሙሐመድአወልን በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ፑንታዋን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ሲታገሉ አገኟቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ «ኢስታሂል፣ ባንቺ አይደለም የምናደደው። ባንቺ ተናድጄ አላውቅም» አሏቸው። ወ/ሮ ኢስታሂልም «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ላይ ነበር የምትጮኸው?» ብለው ፑንታዋን ተቀበሏቸውና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚህ ዓመት በ2017 ዓ.ም.፣ ሕመሙ ከአልጋ ሊያውላቸው ጥቂት ሲቀረው፣ ወ/ሮ ኢስታሂል አንድ ቢላዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻቸው በስተው አመጡላቸው። አቶ ሙሐመድአወል የናሱን ችንካር ከቀዳዳው አፍ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ገፉት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንኳ፣ ችንካሩ አንዱን ጎን፣ ብረቱንና ሌላውን ጎን አልፎ በማዶ ወጣ። አገላብጠው አዩት፤ ለዓይናቸው አስጠግተው አዩት፤ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያም ምንም ሳይሉ ጋደም አሉ። ወ/ሮ ኢስታሂል ለዚህ ዜና ሕይወት ሲናገሩ እዚህ ላይ ደርሰው በንዴት ተነሥተው ነበር፤ «አንድ ቃል! ‹ደህና ነው› ማለት ምን ይጎዳው ነበር?» ብለው አልቅሰዋል። አቶ ሙሐመድአወል ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሸሃዳቸውን ይዘው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ ሳለ ወደማይቀረው ሄዱ።

አቶ ሙሐመድአወል ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኢስታሂል ሺሬን፣ ልጆቻቸውን ሳጋልን፣ ዋርሳንንና ሙሰዓብን፣ እህታቸውን ወ/ሮ ሀሲናን፣ እንዲሁም በዳሚ፣ በአሕመድ ዳጋህና በሥጋ ገበያው ቁጥሩ የማይታወቅ ወዳጅ ትተው አልፈዋል። ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናችኋል፤ ሥራችሁን ያፈረሱባችሁ፣ በአዛውንትነታችሁ የተናገሯችሁ፣ በወንበራችሁና በበራችሁ ያማረሯችሁ ሁሉ፣ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሏቸው። የቢላዋችሁ እጀታ የማይነቃነቅላችሁ ደግሞ ጎህ ሲቀድ በዱዓችሁ አስቧቸው። ያ አላህ፣ ባርያህን ሙሐመድአወልን ማራቸው፤ ቀብራቸውን አስፋላቸው፤ የለፉበትን እጅ አሳርፍላቸው፤ ጀነተል ፊርደውስን ማረፊያቸው አድርግላቸው፤ ለወ/ሮ ኢስታሂልና ለልጆቻቸው፣ እርሳቸው ያልነበራቸውን ትዕግሥት አብዝተህ ስጣቸው። አሚን።